ሞዴሉ የሚናገረው፣ መቆሚያው የሚመሰክረው

በፋኩልቲያችን የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበው የተገለበጠ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የአውሮፕላን ሞዴል ነው። በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ የጉዞ ወኪሎች መስኮት ውስጥ እንዲህ ያለ ሞዴል አይቶ የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ሞዴሉን ሁላችንም እናየዋለን፤ ከሥሩ ያለውን መቆሚያ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። የሚሠሩትም ሰዎች ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ናቸው። ሞዴሉ ተነድፎ፣ ታትሞ፣ ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ «እንግዲህ በምን ላይ እናቁመው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ መልሱም በእጅ የተገኘ ጣውላ ወይም የተረፈ የአክሪሊክ ቁራጭ ይሆናል።

እኔ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት እላለሁ። መቆሚያው የሞዴሉን ቅርጽ፣ ክብደትና የመገጣጠሚያ ቦታ አስቀድሞ የሚወስን የንድፉ አካል ነው። ከዚህም ሌላ፣ ሞዴሉ እውነት ይናገር አይናገር የሚመሰክረው መቆሚያው ነው። የመጀመሪያውን ሐሳብ በስሌት፣ ሁለተኛውን በታሪክ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጀበናና ማቶት

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጀበና ሥር ክብ ነው። ክብ ሥር በእሳት ላይ ሲጣድ ሙቀቱ ይዳረስለታል፤ በደልዳላ መሬት ላይ ግን ብቻውን አይቆምም። ስለዚህ ማቶት አለው። ማቶቱ ጀበናውን ደግፎ ይይዛል፤ ቡናው እስኪሰክንም ድረስ በዘመመበት ያቆየዋል። ልብ በሉ፤ ሸክላ ሠሪዋ የጀበናውን ሥር ክብ አድርጋ ለመሥራት የምትደፍረው ማቶት የሚባል ነገር መኖሩን ስለምታውቅ ነው። መቆሚያው የዕቃውን ቅርጽ ነጻ አውጥቶታል።

የአብያተ ክርስቲያናቱን አትሮኖስም ተመልከቱ። ከባዱን የብራና መጽሐፍ የሚሸከመው ያ ተዳፋት የመጽሐፉን ጀርባና የአንባቢውን ዐይን በአንድነት ያሰበ ነው። ተዳፋቱ ቢበዛ መጽሐፉ ይንሸራተታል፤ ቢያንስ አንባቢው ይጎብጣል።

በበረራ ምሕንድስና ታሪክም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1901 ትናንሽ የክንፍ ናሙናዎችን አየር በሚነፋበት ሣጥን ውስጥ ሲፈትኑ፣ ናሙናዎቹን የያዘው መቆሚያ ራሱ መለኪያው ነበር። ከብስክሌት ጎማ ሽቦና ከመጋዝ ምላጭ የተሠራ ሚዛን ነበረ። ዛሬም ሞዴል በአየር ዋሻ ውስጥ የሚፈትን መሐንዲስ፣ የመያዣው ዘንግ በአየሩ ፍሰት ላይ ያመጣውን ለውጥ ለይቶ ከውጤቱ ካልቀነሰ ቁጥሩ አይታመንለትም።

ስኬል፦ የመጀመሪያው ውሳኔ

ለምሳሌነት ሁለት አውሮፕላኖችን መርጫለሁ፤ ሁለቱም በአገራችን የበረራ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ቦታ አላቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የመንገደኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተጠቀመበት አውሮፕላን ሲ-47 ነበር። ያን ጊዜ ማረፊያው ልደታ ነበረ፤ ቦሌ የመጣው ከጄት ዘመን ጋር ነው። ሁለተኛው ምሳሌዬ ቦይንግ 787-8 ነው፤ አየር መንገዱ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ድሪምላይነር።

ቦይንግ 787-8 ርዝመቱ 56.7 ሜትር፣ የክንፎቹ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 60.1 ሜትር ነው። ሲ-47 ርዝመቱ 19.4 ሜትር፣ የክንፎቹ ስፋት 29.1 ሜትር ነው። በ1፡200 ስኬል ስንሠራቸው የመጀመሪያው 28.4 በ30.1 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 9.7 በ14.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ጎን ለጎን ሲቆሙ ሲ-47 የድሪምላይነሩን አንድ ክንፍ ያህል ነው። ተመልካቹ ያለ አንዳች ማብራሪያ የሥልሳ ስድስት ዓመት ጉዞን በዐይኑ ይለካል።

ከገበያ የሚገዙ የሞዴል ስብስቦች ግን ብዙ ጊዜ እያንዳንዱን አውሮፕላን ለመደርደሪያው በሚመች እኩል መጠን ይሠሩታል፤ መቆሚያውም አንድ ዓይነት ነው። በዚህ ጊዜ ሲ-47 የ787ን ያህል ይገዝፋል። እያንዳንዱ ሞዴል ለብቻው ትክክል ነው፤ ስብስቡ ግን ሐሰት ይናገራል። ስለዚህ ብዙ ሞዴሎች በአንድነት የሚታዩ ከሆነ ስኬሉ አንድ፣ መቆሚያዎቹ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆን አለባቸው። እንጨታቸው፣ የመሠረታቸው ውፍረትና የክንዳቸው ቅርጽ አንድ ይሁን፤ የመሠረታቸው ስፋት ከየአውሮፕላኑ ክንፍ ጋር ይመጣጠን። የአውሮፕላኖቹ ወገብ በአንድ የዐይን ከፍታ ላይ ሲውል የመጠኑ ልዩነት ጎልቶ ይነበባል።

ስኬል ወጪንም ይወስናል። ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግ ይዘቱ በስምንት እጥፍ ያድጋል። በ1፡400 የታተመ ጠጣር ናሙና በ1፡200 ለሚታተመው ከሚያስፈልገው ፕላስቲክ የሚፈጀው አንድ ስምንተኛውን ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች በትንሹ መሥራት ተገቢ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

በአየር ወይስ በምድር?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንግባ። መቆሚያው አውሮፕላኑን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጎ የሚይዝ ከሆነ «ይህ አውሮፕላን እየበረረ ነው» ብሎ መናገሩ ነው። እየበረረ ከሆነ ደግሞ ጎማዎቹ መታጠፍ አለባቸው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች የሚዘነጉት ክንፉን ነው።

የ787 ክንፍ ከካርቦን ጭረትና ከሙጫ የተዋቀረ ነው፤ ከአውሮፕላኑ መዋቅራዊ ክብደትም ግማሽ ያህሉ እንዲህ ካለ ድብልቅ ቁስ የተሠራ ነው። ይህ ክንፍ በምድር ላይ በራሱና በነዳጁ ክብደት ዝቅ ይላል። በአየር ላይ ግን አውሮፕላኑን የሚሸከመው እርሱ ስለሆነ ጫፉ በግልጽ ወደ ላይ ይጎብጣል። ቦሌ ላይ ቆሞ ያየነውና ተነሥቶ ከራሳችን በላይ ሲያልፍ ያየነው አውሮፕላን የክንፍ ቅርጻቸው አንድ አይደለም። በ1፡200 ስኬል የአንድ ሜትር ልዩነት 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 5 ሚሊ ሜትር ደግሞ ከሩቅ የሚታይ ነው።

ስለዚህ ተማሪው የቆመ አውሮፕላን ሥዕል ይዞ ክንፉን ከነደፈ በኋላ ሞዴሉን በበረራ መቆሚያ ላይ ቢሰካው፣ በዓለም ላይ በየትኛውም ቅጽበት ያልኖረ አውሮፕላን ፈጠረ ማለት ነው። ይህን በመጨረሻ በስቱኮና በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል አይቻልም። መቆሚያው አስቀድሞ ከታወቀ ግን ክንፉ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በትክክል ይጎብጣል። ጀበናውና ማቶቱ ማለት ይህ ነው።

ሲ-47ም የራሱ ጠባይ አለው። ሦስተኛው ጎማው ከጅራቱ ሥር ስለሆነ በምድር ላይ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቅንቶ ነው የሚቆመው። በምድር ላይ ልናሳየው ከመረጥን መቆሚያው ክንድ አያስፈልገውም፤ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይበቃዋል። ዘመሙን የሚሰጠው አውሮፕላኑ ራሱ ነው።

እያንዳንዱ ናሙና አንድ ጥያቄ

ፈጣን የናሙና ሥራ የምንለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተወለደ ነው። አሜሪካዊው ቻክ ሃል ፈሳሽ ሙጫን በብርሃን እያደነደኑ ቅርጽ የማውጣትን ዘዴ በ1986 በፓተንት አስመዘገበ። ስኮት ክረምፕ ደግሞ በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ቀልጦ የሚወጣ ፕላስቲክን እየደራረቡ የማተምን ዘዴ አመጣ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ ሙከራዎችና በከተማችን አንዳንድ የሥራ ቦታዎች የምናየው ስሪዲ ፕሪንተር በአብዛኛው የክረምፕ ዘዴ ልጅ ነው።

«ፈጣን» የሚለው ቃል ግን ያሳስታል። ማተሚያው በራሱ ፈጣን አይደለም፤ አንድ ክንፍ ለማውጣት ሰዓታት ይወስዳል። የሚፈጥነው የጥያቄና የመልስ ዑደት ነው፤ እርሱም የሚፈጥነው ጥያቄው ጠባብ ሲሆን ብቻ ነው። ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው አንድ ነገር አለ፦ «ይህ ናሙና የሚመልሰው ጥያቄ ምንድን ነው?» መልሱ «አውሮፕላኑ ምን እንደሚመስል ለማየት» ከሆነ፣ ያ በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ የሚታይ ስለሆነ መታተም አያስፈልገውም።

ለ787 ሞዴላችን አራት ናሙናዎች ይበቃሉ እላለሁ።

የመጀመሪያው ናሙና ከካርቶን የሚቆረጥ ነው። ጥያቄው የመጠን ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ያለው ነገር በታሰበለት መደርደሪያ ላይ ይበዛል ወይስ ያንሳል? የክንፉንና የአካሉን ጥላ ምስል ቆርጦ፣ በሽቦ ላይ አቁሞ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቶ ማየት ነው። መቀስና ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ሁለተኛው በ1፡400 የሚታተም ሙሉ ቅርጽ ነው። ጥያቄው የመለያ ነው። ተመልካች ይህ 787 መሆኑን ከሌላ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ለይቶ ማወቅ ይችላልን? መለያዎቹ የታወቁ ናቸው፦ አራት ብቻ የሆኑት የአብራሪዎች መስኮቶች፣ ከሞተሩ ሽፋን ኋላ ያለው የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ጠርዝ፣ ወደ ላይ ሳይታጠፍ ወደ ኋላ እየሾለ የሚያልቀው የክንፍ ጫፍ። እዚህ ላይ የማተሚያው ወሰን ይገጥመናል። የተለመደው የማተሚያ አፍንጫ ቀዳዳ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በ1፡200 ሲመነዘር የእውነተኛውን አውሮፕላን 8 ሴንቲ ሜትር ይወክላል፤ በ1፡400 ደግሞ 16 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ የቀጠነ አንቴና፣ የክንፉም የኋላ ጠርዝ በእውነተኛ ስኬሉ ሊታተም አይችልም። ስለዚህ ንድፍ አውጪው የትኛውን እንደሚያወፍር፣ የትኛውን እንደሚተው መወሰን አለበት። የመንገደኛው መስኮት ቁመቱ 47 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በ1፡200 ከ2.4 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ እርሱን ከመቅረጽ ይልቅ በሚለጠፍ ሥዕል ማሳየት የተሻለ ነው።

ሦስተኛው ናሙና የመገጣጠሚያው ቁራጭ ብቻ ነው፤ ከአውሮፕላኑ ሆድ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጉብ፣ ከመቆሚያው ክንድ ደግሞ ጫፉ። ጥያቄው «ይገጥማልን?» የሚል ነው። የታተመ ቀዳዳ ከተነደፈው ጥቂት ጠብቦ እንደሚወጣ ማንኛውም ማተሚያ ያስተምራል፤ ስለዚህ 0.1፣ 0.2 እና 0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያላቸው ሦስት ቁርጥራጮች በአንድ ጊዜ አትሞ፣ በእጅ ሰክቶ፣ ጥሩውን መምረጥ ነው። የመሰኪያው ቅርጽ ክብ አይሁን፤ ክብ መሰኪያ አውሮፕላኑን ሰው በነካው ቁጥር ያሽከረክረዋል። አራት ማዕዘን ይሁን፣ ወይም አንድ ጎኑ የተላጠ ክብ።

አራተኛው ሙሉው ሞዴል ነው። ብዙ ማተሚያዎች 22 በ22 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ስላላቸው 28.4 ሴንቲ ሜትሩ አካል ቀጥ ብሎ አይተኛበትም። በሰያፍ ቢተኛ 31 ሴንቲ ሜትር ቦታ ያገኛል፤ ነገር ግን ተኝቶ የሚታተም ክብ አካል ጀርባው ላይ የደረጃ መስመር ይወጣበታል። ስለዚህ አካሉን ለሁለት ከፍሎ እያንዳንዱን አቁሞ ማተም ይሻላል፤ የመጋጠሚያው መስመር የት ይሁን ለሚለው መልሱ ክንፉ በሚጋርደው ወገብ ላይ ነው። ክንፉንም በጠርዙ አቁመን ብናትመው ያ የበረራ ጉብጠት በአንድ ንጣፍ ውስጥ በለሰለሰ መስመር ይሳላል። ውስጡ ቀጭን የብረት ሽቦ ብናስገባለት ደግሞ ከዓመታት በኋላም ቅርጹን ይጠብቃል።

የመቆሚያው ስሌት

የተጠናቀቀው ሞዴል 180 ግራም ይመዝናል እንበል። መሰኪያው የሚገባው በክብደት ማዕከሉ ሥር ነው። ኮምፒዩተሩ ማዕከሉን ያሰላል፤ የሚያሰላው ግን ውስጡ ጠጣር እንደሆነ ቈጥሮ ነው፤ የታተመው ዕቃ ግን ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ክፍት ነው። ስለዚህ የግንበኛውን ቱምቢ እንዋሳለን። ሞዴሉን ከአንድ ነጥብ አንጠልጥለን ቱምቢው የሚያሳየውን መስመር እናሰምራለን፤ ከሌላ ነጥብ አንጠልጥለን እንደገና እናሰምራለን። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት እርሱ ማዕከሉ ነው። መሰኪያው ከዚህ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሸሽ በመጀመሪያው ቀን ምንም አይታይም። ፕላስቲክ ግን በቋሚ ጭነት ሥር በዝግታ ይለጠጣል፤ ከወራት በኋላ ሽቅብ ሲወጣ የነበረው አውሮፕላን አፍንጫውን ደፍቶ ይገኛል።

ቀጥሎ መሠረቱ። የሞዴሉ ማዕከል ከጠረጴዛው 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ መሠረቱ 12 በ10 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። የክንዱን ትንሽ ክብደት ለጊዜው እንተወው። መሠረቱ ክብደት ባይኖረው ኖሮ መቆሚያው በጠባቡ ጎኑ በኩል ለመውደቅ 18 ዲግሪ ያህል መዘንበል ይበቃው ነበር፤ 5 ለ15 ሲካፈል የሚሰጠው ማዕዘን ነው።

አሁን መሠረቱን ከወይራ እንሥራው። ወይራ ከባድ እንጨት ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ኩቡ ወደ አንድ ግራም ይጠጋል። መሠረቱ 360 ሴንቲ ሜትር ኩብ ስለሆነ ክብደቱ 360 ግራም፣ የራሱ ማዕከል 1.5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የሁለቱ የጋራ ማዕከል እንዲህ ይሰላል፦ 180 በ15 ሲባዛ 2700፤ 360 በ1.5 ሲባዛ 540፤ ድምሩ 3240፤ ለ540 ግራም ሲካፈል 6 ሴንቲ ሜትር። የመውደቂያው ማዕዘን ወደ 40 ዲግሪ አደገ። መሠረቱን ከጽድ ብንሠራው፣ ጽድ የወይራን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሚመዝን፣ ማዕዘኑ ወደ 31 ዲግሪ ይወርዳል። የልጅ ክንድ በሚነካው የኤግዚቢሽን ጠረጴዛ ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የእንጨት ምርጫ የውበት ጉዳይ ብቻ ይመስል ነበር፤ አሁን ግን የደኅንነት ጉዳይ ሆኖ አገኘነው። ትልቅ ግንድም አያስፈልግም፤ ከአናጢ ቤት የተረፈ ቁራጭ ይበቃል።

ስለ መልክም አንድ ቃል ልጨምር። በአየር መንገዱ ጅራት ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አለ። መቆሚያው እነዚህኑ ቀለሞች ከደገመ ዐይን ይከፋፈላል። የተስማማ መቆሚያ ማለት ሞዴሉን የሚመስል ሳይሆን ለሞዴሉ ቦታ የሚለቅ ነው። የአየር መንገዱ ስምና ዐርማ የንግድ ምልክት መሆናቸውን አንርሳ፤ ሞዴሉ ለሽያጭ ወይም ለአደባባይ የሚቀርብ ከሆነ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ የሙያው ሥርዓት ነው።

በቦሌ ከፍታ መሥራት

የውጭ አገር መመሪያዎች የማይነግሩን ጥቂት ነገሮች አሉ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩም ከባሕር ጠረፉ ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አውሮፕላኖች እዚህ ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ የሚሹት በዚህ ምክንያት ነው። ያው የሳሳ አየር የማተሚያችንንም ማራገቢያ ያደክመዋል፤ አዲስ የወጣው ንጣፍ በሚገባ ሳይደርቅ ሌላው ይደረብበታል። በተለይ እንደ ጅራት ጫፍ ያለ ቀጭን ክፍል ይቀልጥና ይጣመማል። መፍትሔው ፍጥነቱን መቀነስ ወይም ሁለት ክፍሎችን በአንድ ጊዜ እያተሙ ለእያንዳንዱ የመቀዝቀዣ ፋታ መስጠት ነው።

መብራት መቋረጡም የንድፍ ጉዳይ ነው። ሞዴሉ በየሦስት በየአራት ሰዓቱ የሚያልቁ ክፍሎች ተደርጎ ከተከፋፈለ፣ መብራት ሲጠፋ የሚባክነው አንድ ክፍል ነው እንጂ የሁለት ቀን ድካም አይሆንም። በመጨረሻም ፀሐዩ። በስፋት የምንጠቀምበት ፒኤልኤ የተባለው ፕላስቲክ በ60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት የመስተዋት ሣጥን ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ ይህ ሙቀት ሩቅ አይደለም። ለእንደዚህ ያለ ቦታ እስከ 80 ዲግሪ ገደማ የሚቋቋመው ፔትጂ ይመረጣል።

ፀሐይ፦ የማናውቀውን መግለጥ

እስካሁን ልካቸው በታተመ ሰነድ ስለሚገኝ አውሮፕላኖች ነበር የተናገርኩት። ከባዱ ፈተና የሚመጣው ልኩ በእጃችን በሌለ ጊዜ ነው። ለዚህ ከአውሮፕላናችን ታሪክ «ፀሐይ»ን የሚያህል ምሳሌ የለም።

ፀሐይ በኢትዮጵያ ምድር የተሠራች የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ናት። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1935 ሠራት፤ ስሟም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ነው። የፋሺስት ጦር አገሪቱን ሲወር ተማርካ ወደ ኢጣልያ ተወሰደች፤ ከሮም ሰሜን በሚገኘው የቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥም ለአሥርት ዓመታት ቆየች። ለኢትዮጵያ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው።

በእነዚያ ሰማንያ ምናምን ዓመታት ውስጥ የተወለደ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ፀሐይን ያወቃት ቢያውቃት በፎቶግራፍ ወይም በወሬ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን አንድ ሰው ከፎቶግራፍ ሞዴሏን ቢሠራ፣ ሞዴሉ ለብዙዎች አውሮፕላኗ ራሷ ይሆን ነበር። ክንፉን በግምት ቢያሳጥረው ያ አጭር ክንፍ በትውልድ ትዝታ ውስጥ ይቀራል። የሞዴል ሥራ ክብደት እዚህ ላይ ይታየኛል፤ ዋናው ዕቃ በሌለበት ቦታ ሞዴል ምስክር ይሆናል፤ ምስክር ደግሞ ያየውንና የሰማውን ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል።

ከፎቶግራፍ መለካት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ልኩ የሚታወቅ አንድ ነገር ሲገኝ ሌላው በንጽጽር ይሰላል። ይሁንና ካሜራ ቅርቡን ያጎላል፣ ሩቁን ያሳንሳል፤ ስለዚህ ከአንድ ጎን የተነሣ ፎቶ የአካሉን ርዝመት ቢሰጥም የክንፉን ስፋት በታማኝነት አይሰጥም። ከልዩ ልዩ አቅጣጫ የተነሡ ብዙ ፎቶዎችን ማገናኘት ያስፈልጋል። ዛሬ አውሮፕላኗ በአገሯ ስላለች፣ ፈቃድ አግኝቶ በሜትር መለካት ከሁሉ የሚበልጥ መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እንኳ እውቀታችን ሦስት ዓይነት ሆኖ ይቀራል። በቀጥታ የተለካ አለ፤ ከተለካው በስሌት የተገኘ አለ፤ በሙያዊ ግምት የተሞላ አለ። በሞዴሉ ላይ ሦስቱም አንድ ቀለም ተቀብተው ስለሚታዩ ተመልካች ሊለያቸው አይችልም። ታዲያ ይህ የት ይጻፍ? በመቆሚያው ላይ ነው። መሠረቱ የሚጻፍበት ፊት አለው። ስኬሉ፣ የተሠራበት ዓመት፣ አውሮፕላኑ በየትኛው ጊዜ መልኩ እንደቀረበ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «የክንፉ ስፋት የተለካ፣ የውስጡ ወንበር በግምት» የሚል አንድ አጭር መስመር ይቀረጽበት። እንጨቱን በሌዘር መቅረጽ አስቸጋሪ አይደለም፤ በከተማችን የማስታወቂያ ሥራ ቤቶች የዕለት ተዕለት ሥራቸው ነው።

በሙዚየም ዓለም የሚለጠፉ መግለጫዎች ይህንኑ ለማድረግ ይሞክራሉ። ነገር ግን መግለጫው በግድግዳ ላይ ከቀረ ሞዴሉ ወደ ሌላ ክፍል በተዛወረ ቀን ይለያያሉ። በመቆሚያው ላይ የተቀረጸ ቃል ግን ሞዴሉ በሄደበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የተስማማ መቆሚያ ያልኩት እንግዲህ ይህን ሁሉ አጠቃልሎ የያዘ ነው፤ ክብደቱን ይሸከማል፣ አቋሙን ይወስናል፣ የእውቀታችንንም ወሰን ይገልጣል።

ለተማሪዎች

ውድ ተማሪዎች፤ በአገራችን የመሥሪያ ዕቃ እጥረት አለ፤ የፊላመንት ዋጋም ቀላል አይደለም። ይህ እጥረት ግን አንድ መልካም ልማድ ሊያስተምረን ይችላል፤ ከማተም በፊት ማሰብን። ከእንግዲህ ማንኛውንም ሞዴል ወደ ማተሚያው ከመላካችሁ በፊት ሦስት ዐረፍተ ነገር እንድትጽፉ እጠይቃለሁ። አንደኛው «ይህ ናሙና የሚመልሰው ጥያቄ ይህ ነው» የሚል ይሁን። ሁለተኛው «ሞዴሉ የሚቆመው በዚህ ላይ፣ በዚህ አኳኋን ነው» የሚል ይሁን። ሦስተኛው «እርግጠኛ ያልሆንኩት ይህ ነው» የሚል ይሁን። ሦስቱን መጻፍ ያቃተው ሰው ሥራው ገና ለማተሚያ አልደረሰም፤ ወደ እርሳሱና ወደ ካርቶኑ ይመለስ። ሦስቱን የጻፈ ግን የመቆሚያውን ንድፍ ግማሽ ጨርሷል፤ ሦስተኛውን ዐረፍተ ነገር በመሠረቱ ላይ መቅረጽ ብቻ ነው የሚቀረው።